ሊቁ ኦይለርና የቁጥር አካፋዮች

የ12 አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጻፉ 1 በ12፣ 2 በ6፣ 3 በ4 መሆናቸውን ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ነገሩ ቀላል ስለ መሰለን ወዲያው ረሳነው። የሌዎናርድ ኦይለር ሕይወት ግን ይኸው የልጅነት ትምህርት የታላላቅ ሰዎችን ቃል ለመመርመር እንደሚበቃ ያስረዳናል።

ኦይለር በ1707 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባዝል በተባለው የስዊስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ስለ ነበሩ ልጃቸውም የእሳቸውን ሥራ እንዲይዝ ይመኙ ነበር። በ13 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስመ ጥሩው የሒሳብ መምህር ዮሐን ቤርኑሊ ግን ጊዜ ስላልነበረው በግል ሊያስተምረው አልፈቀደም፤ ከባድ ከባድ መጻሕፍትን ራሱ እንዲያነብና ያልገባውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ እንዲጠይቅ ነገረው። ወጣቱም ከመጽሐፍ ጋራ ብቻውን መታገልን ከዚያ ተማረ።

በ1727 ወደ ሩስያ ሄዶ በፔተርስቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ሥራ ያዘ። ከእሱ በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ሊቅ ፌርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 የሚሉትን ቁጥሮች መርምሮ ነበር። ከእያንዳንዱ 1 ተቀንሶ፣ የቀረው በራሱ ተባዝቶ፣ 1 ሲጨመርበት ተከታዩን ይሰጣል። አምስቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ፌርማም የሚከተሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው ብሎ አመነ፤ ማስረጃ ግን አላገኘለትም።

ስድስተኛው 4,294,967,297 ነው። ኦይለር በ1732 ይህ ቁጥር 641 በ6,700,417 ተባዝቶ የሚገኝ መሆኑን አሳየ። የፌርማ እምነት በአንድ ጥንድ አካፋይ ወደቀ! ኦይለር ቆይቶ ምስጢሩን ገለጸው፤ የዚህ ቁጥር አካፋይ የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። ስለዚህ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው አምስት ሙከራ ይበቃዋል።

ኦይለር ወዳጅ የሚባሉትንም ቁጥሮች መረመረ። የ220 አካፋዮች፣ ራሱ ሳይቈጠር፣ ሲደመሩ 284 ይሆናሉ፤ የ284ም እንዲሁ ሲደመሩ 220 ይሆናሉ። ከእሱ በፊት በኤውሮፓ የታወቁት ጥንዶች ሦስት ብቻ ሲሆኑ እሱ ከ50 የሚበልጡ ጨመረ።

በ1738 ገደማ የቀኝ ዐይኑ ጠፋ። ከ1741 እስከ 1766 በበርሊን ሠርቶ ወደ ፔተርስቡርግ ከተመለሰ በኋላ ግራውም ታወረ። ሆኖም በልቡ እያሰላ፣ ለልጆቹና ለረዳቶቹ እየነገረ፣ በ1783 በ76 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከሥራው አልተለየም።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በ1866 ኒኮሎ ፓጋኒኒ የተባለ የ16 ዓመት የኢጣልያ ልጅ 1,184ና 1,210 ወዳጅ ቁጥሮች መሆናቸውን አገኘ። እነዚህን ትንንሽ ቁጥሮች ያ ታላቅ ኦይለር ሳያያቸው አልፎ ነበር!

ውድ ጓደኞቻችን፣ እኛ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ደብተር ገልብጠን ለፈተና የምናነበንብ ብዙዎች ነን። ኦይለር የፌርማን ስም አከበረ፤ ቁጥሩን ግን ራሱ አካፈለው። እኛስ መምህሮቻችንን እያከበርን፣ የነገሩንን አንድ ጊዜ እንኳ ራሳችን አካፍለን አይተነው እናውቃለን?