የተኛ መስሎ ያደረው ልጅ፦ ሉዊ 14ኛ እንዴት ፈላጭ ቆራጭ ንጉሥ ሆነ?

እ.ኤ.አ በየካቲት 1651 አንድ ሌሊት፣ የፓሪስ ሕዝብ ግር ብሎ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ንግሥቲቱ እናት ንጉሡን ይዛ ከከተማ ልትወጣ ነው የሚል ወሬ ተነዝቷል፤ ሕዝቡም ንጉሡን በዓይኑ ሳያይ ላይመለስ ቆርጧል። ንግሥት አን በሩን አስከፈተች። ሰዎቹ ተራ በተራ አልጋው አጠገብ እያለፉ የ12 ዓመቱን ልጅ አዩት። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። የተኛ መስሎ ነው።

ይህ ልጅ በኋላ «የፀሐይ ንጉሥ» የተባለው የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ነው።

አባቱ በ1643 ሲሞት ገና 5 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በስሙ አገር የመሩት እናቱና ካርዲናል ማዛሪን ናቸው። ጦርነት ካዝናውን አራቆተው፤ ግብሩ በረታ። በ1648 መጀመሪያ የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ መኳንንት አመፁ። አመፁ «ፍሮንድ» ይባላል፤ ወንጭፍ ማለት ነው። 5 ዓመት ቆየ። ልጁ ንጉሥ በሌሊት ከፓሪስ እስከ መሸሽ ደርሷል።

ይህን ሁሉ አልረሳውም።

በመጋቢት 1661 ማዛሪን ሞተ። ሁሉም ሰው ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሆን እያለ ሲጠብቅ፣ የ22 ዓመቱ ንጉሥ ማንንም አልሾመም። በቃ፣ ራሱ ሊገዛ ነው። በዚያው ዓመት የገንዘብ ሹሙ ኒኮላ ፉኬ ንጉሡን ጋብዞ በአዲሱ መኖሪያው ትልቅ ድግስ ደገሰ። 3 ሳምንት ሳይሞላ ታሰረ፤ ሕይወቱም እስር ቤት ውስጥ አለፈች። ያሰረው ማን መሰላችሁ? ዳርታኛን! አዎ፣ የ«ሦስቱ ሙስኬተሮች» ልብ ወለድ ጀግና መነሻ የሆነው እውነተኛው ሰው።

ከዚያ ሉዊ ሥልጣኑን ቀስ በቀስ ሰበሰበ። እናቱንና የንጉሣዊ ቤተሰቡን መሳፍንት ከዋናው ምክር ቤት አስወጣ። በቦታቸው እንደ ኮልቤር ያሉ፣ ከእሱ ሌላ መከታ የሌላቸውን ሰዎች አስቀመጠ። በየክፍለ ሀገሩ ግብርና ፍትሕ የሚቆጣጠሩ እንደራሴዎች ላከ። በ1673 ደግሞ ፍርድ ቤቶቹ አዋጁን መጀመሪያ እንዲመዘግቡ፣ ቅሬታ ካላቸው ከዚያ በኋላ እንዲያቀርቡ አዘዘ።

መኳንንቱስ? በ1682 ቤተ መንግሥቱን ከፓሪስ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ቬርሳይ አዛወረ። ሹመትና ገንዘብ የሚገኘው እዚያ፣ ንጉሡ ዓይን ሥር ነው። ትናንት ጦር ያዘምት የነበረ ቤተሰብ፣ ዛሬ ጠዋት ለንጉሡ ሸሚዝ ለማቀበል ይሽቀዳደም ጀመር።

ግን ዋጋ ነበረው። በ1685 ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት የሰጠውን አዋጅ ሻረ፤ 200 ሺህ ያህል ሰው አገር ጥሎ ተሰደደ። ራሱ ከገዛቸው 54 ዓመታት ከግማሽ በላዩ ያለፈው በጦርነት ነው። በ1693 እና 1694 ረሃብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈጀ። ንጉሡን ተው የሚል ጉልበት ያለው አካል ግን አልነበረም።

ሉዊ መስከረም 1 ቀን 1715 ሲሞት 72 ዓመት ነግሦ ነበር። ልጁም፣ የልጅ ልጁም ቀድመውት ሞተዋል። በአንድ ሰው ዙሪያ የተገነባው ያ ሁሉ ሥልጣን የተላለፈው ለልጅ ልጁ ልጅ ነው። ዕድሜው? 5 ዓመት።

በ1789 የተራበው የፓሪስ ሕዝብ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥት ገባ፤ አሁን ቬርሳይ ድረስ ሄዶ። በዚያች ቀን የሉዊ 14ኛ ዘር የሆነውን ንጉሥ ይዞ ወደ ፓሪስ ተመለሰ።