ፊደል የቆጠረው ሥራ ፈት

ባለፈው ቅዳሜ መስቀል ፍላወር አካባቢ ካለ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን በስልክ ስክራብል ስንጫወት ኪው ደረሰችኝ። ዩ ደግሞ የለኝም። የእንግሊዝኛ ኪው ያለ ዩ ከቤቷ እንደማትወጣ የታወቀ ነው። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ፈዝዤ ቀረሁ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ስልኬን አየት አደረገና ጫት ብዬ እንድጽፍ ነገረኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እንግሊዝኛው ቃሉን ከዓረብኛ ወስዶ በኪው፣ በኤ እና በቲ ይጽፈዋል። 12 ነጥብ ገባልኝ!

በዚያው ሌሎች የኛ ቃላትም እዚያ ጨዋታ ውስጥ እንዳሉ አወቅኩ። ብር በቢ፣ በአይ እና በሁለት አር ሲጻፍ 6 ነጥብ ነው። ጤፍ በሁለት ኤፍ ሲጻፍ ደግሞ 10። ጤፍ ከብር እንደሚበልጥማ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ግን ኪውን 10፣ ኤን 1 ያደረገው ማን ነው? ይሄ ጥያቄ ነው ወደ አልፍሬድ በትስ የወሰደኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በትስ የተወለደው በ1899 በኒው ዮርክ ግዛት ፖኪፕሲ በምትባል ከተማ ነው። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ተማረና ኒው ዮርክ ከተማ ሥራ ያዘ። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ክፍል ውስጥ ይሄን ዘመን የተማርነው በግራፍ ነው፤ ምርት ወረደ፣ ሥራ አጥነት ወጣ፣ አለቀ። በትስ ከዚያ ግራፍ ላይ አንዷ ነጥብ ነበር። ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ አርክቴክት ምን ይሠራል? በ1931 ከሥራ ተቀነሰ።

ሥራ የፈታው በትስ ጨዋታዎችን ማጥናት ጀመረ። እሱ እንዳየው ጨዋታ ሦስት ዓይነት ነው፤ እንደ ቼዝ ጠጠር የሚንቀሳቀስበት፣ እንደ ዳይስ በቁጥር የሚሄድ፣ እና የቃላት ጨዋታ። ቼዝ ዕድል የለውም፣ ዳይስ ደግሞ ከዕድል በቀር ምንም የለውም። ግማሹ ዕድል፣ ግማሹ ችሎታ የሆነ የቃላት ጨዋታ ለመሥራት ተነሳ።

እዚህ ላይ ነው የወደድኩት። የኒው ዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በእጁ ቆጠረ። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። እኛ አገር የተማረን ሰው ፊደል የቆጠረ እንላለን፤ ይሄ ሰውዬ ግን ቃል በቃል ነው የቆጠረው። ብዙ የምትመጣው ኤ (ኢ ተብላ የምትነበበው) 12 ጠጠር ተሰጣት፣ ዋጋዋም 1 ነጥብ ሆነ። ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ጠጠር ብቻ፣ ዋጋቸው 10። ኤስ በጽሑፍ ውስጥ ሞልታለች፤ እሱ ግን 4 ብቻ አደረጋት፣ ምክንያቱም ማንም እየተነሳ ቃል ጫፍ ላይ እየለጠፈ ብዙ ቁጥር እንዳያደርግ። ከሁለቱ ባዶ ጠጠሮች ጋር ድምሩ 100። አቅርቦት ሲያንስ ዋጋ ይወጣል፤ የአንደኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ በእንጨት ጠጠር ማለት ነው።

መጀመሪያ ሌክሲኮ አለው፤ ያኔ ሰሌዳ እንኳን አልነበረውም። በኋላ 15 በ15 የሆነውን ሰሌዳ ጨመረበትና ስሙን ቀየረ። ትልልቅ የጨዋታ አምራቾች ግን አልፈልግም አሉት። በእጁ እየሠራ ለወዳጆቹ ያከፋፍል ነበር። ባለቤቱ ኒና መምህርት ነበረች፤ በገዛ ጨዋታው ታሸንፈው ነበር፣ እሱ ራሱ ስፔሊንግ ላይ ደካማ ነበርና። የግንባታ ሥራ ሲመለስ እሱም ወደ አርክቴክትነቱ ተመለሰ።

በ1948 ጄምስ ብሩኖ የተባለ ሰው ጨዋታውን የመሥራት መብት ወሰደ፣ ስክራብል የሚለውንም ስም አወጣለት። ለበትስ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ ትንሽ ሊከፍለው ተስማሙ። በ1949 ብሩኖ 2,400 ያህል ሠርቶ 450 ዶላር ከሰረ። ከዚያ በ1952 ገደማ ሜሲስ የተባለው ትልቅ መደብር ሲያዝ ነገሩ ተገለበጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽያጩ በሚሊዮን ተቆጠረ። ለበትስ የደረሰው በየጨዋታው ጥቂት ሳንቲም ነው። ሀብታም አላደረገውም፣ ግን ደህና አኖረው። በ1993፣ በ93 ዓመቱ አረፈ። ይኖርበት በነበረው ጃክሰን ሃይትስ የአንዱ መንገድ ታፔላ ዛሬ ከየፊደሉ ሥር የስክራብል ነጥብ ተጽፎበታል።

አነቃቂ ንግግር የሚያደርጉት ሰዎች ይሄን ታሪክ ቢያገኙት ሥራ ማጣት በረከት ነው ይሉን ነበር። አይደለም። ከ1931 እስከ 1952 ድረስ 21 ዓመት ነው። የቤት ኪራይ 21 ዓመት አይጠብቅም። ድቀቱ የሰበራቸውና ማንም ያልጻፈላቸው ደግሞ ብዙ ናቸው። ከተመረቅኩ በኋላ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ በከረምኩባቸው ወራት እንዲህ ያለ ምክር ቢሰጠኝ እናደድ ነበር።

ከበትስ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ሰው በየቀኑ ያነበው የነበረ ጋዜጣ ነው፤ እሱ ብቻ ቁጭ ብሎ ቆጠረው። እኔም እሁድ ዕለት አንድ የአማርኛ ጋዜጣ ዘርግቼ ሞከርኩ። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር ከበትስ ጠጠሮች ከእጥፍ በላይ። ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ን ከፊት ስትመራ፣ ጰ ደግሞ ድርሽ አላለችም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ መብራት ጠፋ።

የኛዋ ኪው ጰ ትሁን ወይስ ሌላ? ቆጠራውን አልጨረስኩም። ጊዜ ያላችሁ አንድ ገጽ ያዙልኝ።