አማኑኤል ካንት

ስመ ጥሩው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 22 ቀን 1724 በፕሩሲያ መንግሥት፣ ኬኒግስበርግ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። በተወለደበት ዕለት በአገሩ የቀን መቁጠሪያ የአማኑኤል በዓል ይውል ስለ ነበር ወላጆቹ ይህንኑ ስም አወጡለት። ትርጓሜው እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። የዚህ ስም ባለቤት ግን ሰው ግዴታውን ለማወቅ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልገውም ብሎ በማስተማሩ በስተርጅናው የንጉሥ ቁጣ ወረደበት።

አባቱ የፈረስ ልጓምና ጠፍር እየሠራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር የእጅ ሙያተኛ ነበር። እናቱ አና ሬጊና አጥባቂ ሃይማኖተኛ ስትሆን ልጇን ወደ መስክ እያወጣች ዕፀዋትንና ሰማይን ታሳየው ነበር። በ1737 እርሱ ገና 13 ዓመት ሲሆነው ሞተችበት። በልጅነቱ ዘመን በጠፍር ሠሪዎችና በኮርቻ ሠሪዎች መካከል በሥራ ድርሻ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ አባቱ ብዙ ተጎድቶ ነበር። ይሁን እንጂ ወላጆቹ ስለ ባላጋራዎቻቸው ሲያወሩ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ካንት ከሸመገለ በኋላ እንኳ ይህን ያስታውስ ነበር። የተማረበት ትምህርት ቤት ጸሎትና ስብከት የበዛበት፣ ሥርዓቱም የጠበቀ ነበር፤ ያ ኑሮ በኋላ ትዝ ባለው ቁጥር ያስመርረው ነበር። የወላጆቹን ደግነት ግን እስከ መጨረሻው አከበረ።

በ1740 ዩኒቨርሲቲ ገባ። አባቱ ከሞተ በኋላ በየባለጸጋው ቤት ልጆች እያስተማረ ኖረ፤ በ1755 በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመረ፤ ፕሮፌሰር የሆነው ግን በ1770፣ በ46 ዓመቱ ነው። ሚስት አላገባም፣ ከተወለደበት አካባቢም ርቆ አልሄደም።

ስለ ግብረ ገብ መሠረት የጻፈው የመጀመሪያው ታላቅ መጽሐፍ በ1785 ታተመ። በዚያ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ይጠቀሳል። ይህ ባለሱቅ ዋጋ የማያውቅ ሕፃን ሊገዛ ቢመጣ እንኳ አያታልለውም። ካንት ግን ለምን አላታለለም ሲል ይጠይቃል። ደንበኛ እንዳይሸሸው ሰግቶ ከሆነ፣ ሥራው ትክክል ቢሆንም ከንግድ ብልኃት አያልፍም። ማታለል አይገባም ብሎ ከሆነ ግን ሥራው እውነተኛ ዋጋ አለው። በ1788 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ ወደ ሃይማኖት አሻገረው። እግዚአብሔርና የዘላለም ፍርድ በዓይናችን ፊት ቆመው ቢታዩን ኖሮ፣ ክፉ ሥራ ይቀር ይሆናል፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚቀረው በፍርሃት ነው፤ ስለ ግዴታው ብቻ ብሎ መልካም የሚሠራ ሰው አይገኝም ነበር አለ።

ታዲያ ሕጉ ከወዴት ይመጣል? ካንት ከሰው አእምሮ ነው ይላል። ገንዘብ ተበድሮ እመልሳለሁ እያለ ለመካድ ያሰበ ሰው፣ ይህ አድራጎቱ ለሰው ሁሉ ሕግ ቢሆን ምን እንደሚከተል ይመርምር። ተስፋ ቃል የሚያምን ሰው ስለማይኖር የሚያበድርም አይገኝም፤ ውሸቱ ራሱን ያፈርሳል። እንዲህ ያለው ፍርድ እንደ ሒሳብ ሁሉ ያመነውንም ያላመነውንም እኩል ያስገድዳል። በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ የአብርሃምን ታሪክ ሳይቀር አንሥቷል። ልጅህን እረድ የሚል ድምፅ ከሰማይ ቢሰማ፣ ልጅን መግደል የማይገባ መሆኑ እርግጥ ነው፣ ድምፁ የእግዚአብሔር መሆኑ ግን እርግጥ አይደለም ብሎ መመለስ ይገባ ነበር ሲል ጻፈ።

እግዚአብሔር የለም ግን አላለም። በ1790 ስፒኖዛን በምሳሌነት አቅርቦ፣ በእግዚአብሔር የማያምን ቅን ሰው ሊኖር እንደሚችል አመነ። ሆኖም ይህ ሰው ደጎች ሲራቡና ሲበደሉ፣ መቃብርም ደጉንና ክፉውን አንድ ላይ ሲውጥ እያየ፣ በበጎ ዓላማው እንዲጸና ከተፈለገ የዓለምን ፈጣሪና ፈራጅ ተስፋ ማድረግ አለበት አለ። ተቺዎች ካንት በፊት በር ያስወጣውን በጓሮ አስገባው ይሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ለእርሱ እምነት የግዴታ ተከታይ እንጂ መሠረት አይደለምና።

አፍሪካዊ አንባቢ ዝም ብሎ የማያልፈው ነገርም አለ። ሕጉ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው ያለው ይኸው ሊቅ፣ በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጥቁር ሕዝቦች በንቀት ጽፏል። የራሱን ሚዛን በራሱ ቃል ላይ ቢያውለው ኖሮ ያ ጽሑፍ ባልቆመ ነበር።

በ1793 ስለ ሃይማኖት የጻፈው መጽሐፍ ሲወጣ ንጉሥ ፍሪድሪክ ዊልሄልም ዳግማዊ ተቆጣ። በ1794 ካንት በ70 ዓመቱ የተግሣጽ ደብዳቤ ደረሰው፤ ቢደግም የከፋ ነገር እንደሚጠብቀው ተነገረው። እርሱም የግርማዊነትዎ ታማኝ ተገዢ እንደ መሆኔ መጠን ስለ ሃይማኖት በአደባባይ አልናገርም የሚል ቃል ሰጠ። ንጉሡ በ1797 ሲሞት፣ ቃሉን የሰጠሁት ለእርሱ ብቻ ነበር ብሎ ዝምታውን ሰበረ። በዚያው ዓመት፣ ነፍሰ ገዳይ የተደበቀ ወዳጅህ የት ነው ቢልህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድም ሲል ጽፎ ነበር። ለንጉሡ በሰጠው ቃል ውሸት አልነበረበትም፤ መውጫ ቀዳዳ ግን ነበረበት።

በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ፈዘዘ፣ አእምሮውም ደከመ። ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሐኪሙ ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ፣ ሽማግሌው ጉልበቱ እየከዳው ቆሞ ቀረ። ሐኪሙ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ካንት እንግዳው ሳይቀመጥ አልቀመጥም ማለቱ ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1804 ዐረፈ። መሬቱ በብርድ ደርቆ መቃብር ለመቆፈር አስቸጋሪ ስለ ነበር የተቀበረው ከ16 ቀን በኋላ ነው።