የማይታየው ዘበኛ ፈልሳፊ፦ ሌቭ ቴርሜን

የግንባታ ሥራ የመራ መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፌሮና ሲሚንቶ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ጣውላ በገላጣ ሜዳ ላይ በተከማቹበት ሥፍራ ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ ያሳስባል። አጥሩ ጊዜያዊ ነው፤ መብራት ገና አልገባም፤ የቦታውም ገጽታ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ዛሬ በባትሪ እየሠሩ የሰውን እንቅስቃሴ የሚያውቁና በሬዲዮ ሞገድ ለጥበቃው የሚያስታውቁ መሣሪያዎች ለዚሁ ችግር ይውላሉ። ከዚህ ጥበብ ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ሰው በዓለም ዘንድ የሚታወቀው ግን በስሙ በሚጠራው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ለእኛ ሙያ ሰዎች የሚበልጠው ቀሪው ታሪኩ ይመስለኛል።

ሌቭ ሰርጌዬቪች ቴርሜን በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፊዚክስንና ቼሎ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ጎን ለጎን አጠና። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በሬዲዮ ባለሙያነት ካገለገለ በኋላ፣ ስመ ጥሩው ፊዚሲስት አብራም ዮፌ በፔትሮግራድ ወደሚመራው የምርምር ተቋም ጠራው። በ1920 የጋዞችን የኤሌክትሪክ ጠባይ ሲለካ፣ እጁን ባስጠጋና ባራቀ ቁጥር ከማዳመጫው የሚወጣው ድምፅ ሲቀጥንና ሲወፍር አስተዋለ።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። የሰው አካል ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ወደ አንቴና ሲቀርብም የሰርኪዩቱን ካፓሲታንስ በጥቂቱ ይለውጣል። ካፓሲታንሱ ሲለወጥ የንዝረቱ ፍሪኩዌንሲ ይለወጣል። ይህ ለውጥ በከፍተኛው የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ላይ በጆሮ የሚያዝ አይደለም። ስለዚህ ቴርሜን ሁለት ንዝረቶችን አጋጥሞ የልዩነታቸው ድምፅ ብቻ እንዲሰማ አደረገ። ከዚህ አንድ ግኝት ሳይነኩት የሚዘምር የሙዚቃ መሣሪያና ሳይነኩት የሚጮህ ዘበኛ ተገኙ።

በ1922 ሁለቱንም ለሌኒን በክሬምሊን አሳየ። በቦታው ከነበሩት የጦር መኮንኖች አንዱ መሣሪያውን ሊያታልል፣ እጅና እግሩን በጠጉር ካፖርት ጠቅልሎ ቁጢጥ ብሎ ቢጠጋም ደወሉ እንዳጋለጠው ቴርሜን በስተርጅናው ይተርክ ነበር። ዛሬ ገመድ አልባ የምንለው በአብዛኛው መልእክቱ ስለሚተላለፍበት መንገድ ነው፤ በቴርሜን ዘንድ ግን ማወቁ ራሱ ያለ ንክኪ የሚፈጸም ነበር። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ እንዲህ ያለው መስክ የቀረበውን አካል እንጂ የቀረበበትን ምክንያት አያውቅም። ሌባውም፣ የተራበ ውሻም፣ ዕቃ ረስቶ የተመለሰ ሠራተኛም ለእርሱ አንድ ናቸው። ከዚህ የተነሣ በግንባታ ቦታ ላይ መሣሪያው የሰውን ዘበኛ ያግዘው እንደሆነ እንጂ ይተካዋል ማለት ያስቸግራል።

በ1927 ቴርሜን ኒውዮርክ ገባ፤ በ1928 የሙዚቃ መሣሪያውን የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ለአደባባይ ኮንሰርት የጎረፈው ሕዝብ አደነቀው እንጂ ገበያው አልሠመረለትም፤ የጥበቃ መሣሪያዎችም እየነደፈ ይኖር ነበር። ላቪኒያ ዊልያምስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የባሌት ተወዛዋዥ አገባ። በ1938 ወደ ሶቭየት ኅብረት ተመለሰ፤ በፈቃዱ ይሁን በግድ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ባልና ሚስቱ ዳግመኛ አልተያዩም።

በ1939 ታሰረ፤ ስምንት ዓመትም ተፈረደበት። የተላከው በቅዝቃዜዋና በወርቅ ማዕድንዋ ወደምትታወቀው ኮሊማ ሲሆን፣ የተሰጠው ሥራ የእስረኞች የግንባታ ጓድ ካቦነት ነበር። የማይታየውን ዘበኛ የፈለሰፈው ሰው በግንባታ ሥፍራ፣ ጠመንጃ በያዙ ዘበኞች መካከል ቆመ። በዚያም መሐንዲስነቱን አልተወም። እርሱ እንደ ተረከው፣ የድንጋይ መጫኛው ካሪዮላ በጭቃው ከመሰንከል እንዲድን የእንጨት ሐዲድ ዘረጋለት፤ ሥራው ሲፋጠን የጓዱ የምግብ ድርሻ ጨመረ። ከሙዚቃ መሣሪያው ይልቅ ይህችን ሐዲድ አደንቃለሁ።

በ1940 እስረኛ መሐንዲሶች ወደሚሠሩበት የቱፖሌቭ የአውሮፕላን ንድፍ ቢሮ ተዛወረ፤ በኋላ የጠፈር ሮኬቶች ዋና መሐንዲስ የሆነው ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ በዚያ ረዳቱ ነበር። በእስር ሳለ የነደፈው አንድ ዕቃ በ1945 ከእንጨት በተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም ውስጥ ተደብቆ፣ በሶቭየት ልጆች እጅ ሞስኮ ለነበረው የአሜሪካ አምባሳደር በስጦታ ቀረበ። ባትሪም ሆነ ገመድ አልነበረውም። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነፍስ ይዘራል፤ በክፍሉ የሚነገረው ድምፅ ስስ የብረት ገበር እያርገበገበ ካፓሲታንሱን ሲለዋውጥ፣ ተመላሹ ሞገድ ንግግሩን ተሸክሞ ይወጣል። ማለትም ሌባን ያጋልጥ የነበረው ያው ሕግ አሁን ራሱ ሰርጎ ገብ ሆነ። የተገኘው በ1952 ነው። ቴርሜን በ1947 ከእስር ወጥቶ በዚያው ዓመት የስታሊንን ሽልማት ተቀበለ፤ ከተፈታም በኋላ ለጸጥታው መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሠራ።

በ1960ዎቹ በሞስኮ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ወደ መሣሪያዎቹ ተመለሰ። ሆኖም በ1967 አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ በሕይወት መኖሩን ለዓለም ባሳወቀ ጊዜ ከሥራው ተባረረ፤ መሣሪያዎቹም ተወገዱ። በ1991 ኒውዮርክን እንደገና አየ፤ መሣሪያውን በመጫወት ከሁሉ የላቀችውን ክላራ ሮክሞርንም ለመጎብኘት በቃ። በ1993 በኅዳር ወር ሞስኮ ውስጥ አረፈ።