አስናቀች ወርቁ፤ ባለክራሯ ተዋናይት

ቴአትር በዘመናዊ መልኩ በኢትዮጵያ ከተጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት መነሻ በማድረግ የጻፉት ተውኔት በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ ብዙ ደራስያን ጽፈዋል፤ ብዙ ተዋንያንም ተጫውተዋል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት ያህል በመድረኩ ላይ አንድ ትልቅ ጉድለት ይታይ ነበር። ይኸውም እናት፣ ሚስት ወይም ሙሽራ ሆኖ የሚቀርበው ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ በሴት ሳይሆን በወንድ መሠራቱ ነው። ድምፁ ገና ያልጎረነነ ተማሪ ወይም ጢሙን የተላጨ ጎልማሳ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይወጣ ነበር። ተመልካቹም ማልቀስ በሚገባው ቦታ ሳቅ ቢያመልጠው የሚያስገርም አልነበረም።

ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ የሴቶችን ድርሻ በቴአትር ቤት የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሼክስፒር ጁሌትንና ዴስዴሞናን የጻፈው ወንድ ተዋናይ እንደሚጫወታቸው እያወቀ ነው። በጃፓንም ካቡኪ የተባለውን የሙዚቃና የውዝዋዜ ቴአትር የጀመረችው ሴት ሆና ሳለ፣ በ1629 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሴቶች ከመድረክ እንዲወርዱ አዘዘ፤ ቦታቸውንም ወንዶች ወሰዱት። እንግዲህ በየአገሩ ሴት ልጅ ወደ መድረክ የወጣችው በሩ ተከፍቶ ስለ ጠበቃት ሳይሆን በሩን ገፍታ ስለ ከፈተችው ነው። በኢትዮጵያ ይህን በር ገፍተው ከከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል ስሟ ጎልቶ የሚነሣው አስናቀች ወርቁ ናት።

አስናቀች የተወለደችው በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተማ ነው። ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበር። እርስዋ ገና በእቅፍ ሳለች የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ወረረ፤ ከተማይቱም በ1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች። አምስቱ የወረራ ዓመታት አልፈው በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ እርስዋ ገና ሕፃን ነበረች። በዚህ ሁሉ ላይ እናቷን በልጅነቷ አጣች። ስለዚህ በእናት ጉያ የሚገኘውን ምክርና ጥበቃ ሳትጠግብ በሰው እጅ አደገች። ያም ሆኖ የልጅነት ችግር ዜማና ውዝዋዜ የመውደድ ተፈጥሮዋን ሊያጠፋው አልቻለም።

ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ኑሮ እየሞቀ ሄደ። በ1927 ዓ.ም. ሕዝቡን ለአገሩ መከላከያ ለማነሣሣት ተቋቁሞ የነበረው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሥራውን እንደገና ጀመረ። የከተማው ማዘጋጃ ቤትም የራሱን የሙዚቃና የቴአትር ክፍል አደራጀ። በእነዚህ ቤቶች አንድ ምሽት ማለት ተውኔት ብቻ አልነበረም። ከተውኔቱ በፊትና በኋላ፣ አንዳንዴም በትዕይንቶቹ መካከል፣ ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ የማሲንቆና የክራር ጨዋታ ይቀርብ ነበር። ስለዚህ ተዋናይ የሚባለው ሰው ንግግር መሸምደድ ብቻ አይበቃውም፤ ሊዘፍን፣ ሊወዛወዝ፣ ቢቻለውም መሣሪያ ሊመታ ይፈለግበት ነበር። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አሟልቶ የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። ሴት ሆኖ፣ ያውም በአደባባይ ለመውጣት የሚደፍር ግን ከጥቂቱም ጥቂት ነበር።

አስናቀች ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ላይ የታየችው በ1945 ዓ.ም. ገደማ የፍቅር ጮራ በተባለው ተውኔት ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት ዓመት ብዙ የዘለለ አልነበረም። በዚህ ዕድሜዋ የፈጸመችውን ነገር ክብደት ለመረዳት የዘመኑን አስተሳሰብ ማስታወስ ያስፈልጋል። በኅብረተሰቡ ዘንድ አዝማሪነት እንደ ሙያ የሚቆጠር አልነበረም። አዝማሪው በሠርግና በድግስ ይፈለጋል፤ ሰው በዘፈኑ ይደሰታል፤ ገንዘብም ይሸልመዋል። ዳሩ ግን ያው ሸላሚ ልጁን ለአዝማሪ አይድርም ነበር። ሴት ስትዘፍንማ ንቀቱ በእጥፍ ይጨምራል። በሕዝብ ፊት ቆማ የምትዘፍንና ከባዕድ ወንድ ጋር የፍቅር ጨዋታ የምትጫወት ሴት ከመጠጥ ቤት ኮማሪት ጋር በአንድ ዓይን ትታይ ነበር። ቤተ ዘመድ ያፍርባታል፤ ጎረቤት ይጠቋቆምባታል። የጋብቻና የማዕረግ መንገድም ይዘጋባታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የአንዲት ወጣት ሴት መድረክ ላይ መውጣት የሥራ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ከዘመድና ከአካባቢ ጋር የሚያጣላ ውሳኔ ነበር። አስናቀች ይህን እያወቀች ወጣች፤ ከወጣችም በኋላ አልተመለሰችም።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር በአዲስ አበባ መካከል ትልቅ ቴአትር ቤት ተመርቆ ተከፈተ። ይህ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተባለው ቤት ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተብሏል። በመክፈቻው የታየውም የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን ነው። ሰፊ መድረክ፣ ከአንድ ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ፣ የወር ደመወዝ የሚከፈላቸው ተዋንያንና ሙዚቀኞች ያሉት ቤት በመሆኑ ለኪነ ጥበብ ሰዎች አዲስ ዘመን ከፈተ። አስናቀችም ረጅሙን የሙያ ዘመኗን ያሳለፈችው በዚህ ቤት ነው። ተዋናይነት በወር ደመወዝ የሚተዳደር የመንግሥት ሥራ ሲሆን የሕዝቡም አመለካከት በጥቂት በጥቂቱ መለወጥ ጀመረ።

በዚህ ቴአትር ቤት ሁለት የሙዚቃ ወንዞች ተገናኝተዋል። አንደኛው በባሕር የመጣ ነው። የጅቡቲ ወደብና ከዚያ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ለኢትዮጵያ የውጭ ዓለም መግቢያ በር ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያዎቻቸውን ይዘው የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኢትዮጵያ ቀርቶ ሙዚቃ አስተማረ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በዚሁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በሙዚቃ መሪነት ሠርቷል። በዚህ መንገድ ጥሩምባው፣ ክላርኔቱና ቫዮሊኑ የአዳራሹን መድረክ ሞሉት። ሁለተኛው ወንዝ ግን ከዚሁ ከምድሩ የፈለቀ ነው። እርሱም የማሲንቆ፣ የዋሽንትና የክራር ዜማ ነው። የውጭው ኦርኬስትራ እንደ ሥልጣኔ ምልክት በሚቆጠርበት ጊዜ አስናቀች የያዘችው ክራር ነበር።

ክራር ከበገና ጋር በቅርጽ ይመሳሰላል፤ በክብር ግን ሕዝቡ ሁለቱን ለያይቷቸው ኖሯል። በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ ለጸሎትና ለምስጋና ይደረደራል። ክራር ደግሞ የፍቅርና የጭፈራ መሣሪያ በመሆኑ የሰይጣን መሣሪያ እስከ መባል ደርሷል። አምስት ወይም ስድስት ጅማቶች አሉት። ሙዚቀኛው በሚፈልገው ቅኝት፣ ማለትም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ፣ ጅማቶቹን ያስማማል፤ ከዚያም ቀኝ እጁ ሲገርፍ ወይም ሲደረድር የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን ጅማቶች ያፍናሉ። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአንድ በኩል ጣትን፣ በሌላ በኩል ድምፅን፣ ከዚህም በላይ ፊትንና ዓይንን በአንድነት ማዘዝ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። በዚያ ዘመን ክራር የሚለመደው በማየትና በመስማት ነበር። እንደ ሜሪ አርምዴ ያሉ ስመ ጥር የክራር ሴቶች በከተማው የታወቁት፣ አስናቀችም የተከተለችው ይህንኑ መንገድ ነው።

አስናቀችን ከሌሎች የለያት ክራሩን ከትወናው ጋር ማዋሐዷ ነው። ስትዘፍን ተዋናይነቷን አትተወውም ነበር። አንዲትን የዘፈን ቤት ስታወርድ በዓይኗ ትጠቅሳለች፤ በከንፈሯ ትስቃለች፤ ቃሉንም ሰምና ወርቅ አድርጋ ታቀርበዋለች። የሚያደምጣት ሰው በላይ በላዩ የፍቅር እንጉርጉሮ ይሰማል፤ ሲያስተውለው ግን ውስጡ ፌዝ፣ ስሞታ ወይም ተግሣጽ ያገኝበታል። በባላገር ሠርግና በአዝማሪ ቤት ለዘመናት የኖረው ወዲያው ገጥሞ ወዲያው የመዝፈን ችሎታ በእርስዋ አማካይነት ከዘመናዊው አዳራሽ ገባ። በሌላ በኩል ስትተውን ዘፋኝነቷን ይዛ ትወጣለች፤ የንግግሯ ዜማና የዝምታዋ ልክ የሙዚቀኛ ጆሮ እንዳላት ይመሰክራል። ወንድ ተዋናይ ቀሚስ ለብሶ ሊደርስበት ያልቻለው እውነተኛነት በሴት ድምፅና በሴት ሰውነት ሲገለጥ፣ ተመልካቹ መሳቅ በማይገባው ቦታ መሳቁን ተወ።

ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ በአብዮት ተናወጠች። ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ፤ የቴአትር ቤቱ ስም ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ገደብ በመታወጁ የአዲስ አበባ የምሽት ጨዋታ ተቀዛቀዘ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተበተኑ። ከድምፅዋ ቅርሶች ዋነኞቹ የተገኙት ግን በዚያው አስቸጋሪ ወቅት አካባቢ ነው። በነዚህ ሥራዎች አስናቀች ክራሯን ይዛ ስትዘፍን፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ያጅባታል። ኦርኬስትራ የለም፤ ጥሩምባም የለም። አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆና የሰው ድምፅ ብቻ ይሰማሉ። በዚህም ምክንያት ሥራዋ ፋሽን ሲለወጥ አብሮ አላረጀም።

የመድረክ ጥበብ ከሌሎች ጥበቦች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ደራሲ መጽሐፉን፣ ሠዓሊም ሥዕሉን ትቶ ያልፋል። የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። የአስናቀች የብዙ ዓመታት ትወናም አብዛኛው በተመልካች ትዝታ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ከጊዜ ብዛት ያ ትውልድ እያለፈ ሲሄድ ስሟም አብሮ ሊረሳ ይችል ነበር። ከዚህ መርሳት ያዳናት የተቀረጸው ድምፅዋ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ኢትዮጲክስ በተባለው በፓሪስ በሚታተመው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ አሥራ ስድስተኛው ክፍል ለእርስዋ ብቻ ተሰጠ። በዚህም አማርኛ የማያውቁ የሩቅ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ባለክራሯ እመቤት ብለው አወቋት። ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ያዳመጧትን ሴት አዲሱ የኢትዮጵያ ትውልድም እንደገና አገኛት።

አስናቀች ወርቁ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ዕድሜዋ ሰባ ስድስት ዓመት ገደማ ነበር። ከሞተች በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ራኬል ሳሙኤል የሕይወቷን ታሪክ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሠርታ ለሕዝብ አቅርባለች።

የአስናቀችን ሕይወት ታላቅ የሚያደርገው ዝነኛነቷ ብቻ አይደለም። ዛሬ አንዲት ወጣት ሴት ተዋናይ ልሁን ብላ ብትነሣ የምትፈተነው በችሎታዋ ነው፤ ትምህርቱን በዩኒቨርሲቲ ልትማረው ትችላለች፤ ስሟም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ዘመዶቿ ይኮሩበታል። አስናቀች በ1945 ዓ.ም. ገደማ ስትወጣ ግን ከችሎታ ፈተና በፊት የስድብና የንቀት ፈተና ነበረባት። ያን ንቀት በጠብ ወይም በክርክር አልመለሰችውም። በየምሽቱ ወደ መድረክ እየወጣች፣ ክራሯን እያስማማች፣ ሥራዋን አጣርታ እየሠራች አሸነፈችው። የተናቀ ሙያ የሚከበረው ሰዎች እንዲያከብሩት ስለ ተለመኑ ሳይሆን፣ ባለሙያው ራሱ አክብሮ ስለ ሠራው መሆኑን የእርስዋ ታሪክ ያስረዳል። ከእርስዋ በኋላ በመድረክ ላይ በገዛ ድምፃቸው የተናገሩት ሴቶች ሁሉ በተጠረገ መንገድ ተጉዘዋል፤ ያን መንገድ ከጠረጉት እጆች አንዱ ክራር የያዘው የአስናቀች እጅ ነው።