ያልተፈጸመ መክሊት፦ የሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ሕይወት

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የመጨረሻ ራት ሥዕል በሀገራችን በብዙ ምእመናን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። አንዳንዱ በወረቀት የታተመ ነው፤ አንዳንዱም በምንጣፍ ላይ የተሠራ ነው። ጌታ በመካከል ተቀምጦ፣ ሐዋርያት ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኙ ሲታወኩ የሚያሳየው የዚህ ሥዕል ምንጭ በኢጣልያ ሀገር፣ በሚላኖ ከተማ፣ በአንድ የዶሚኒካውያን ገዳም የምግብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሠዓሊው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ይባላል። ስሙን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ሕይወቱን በቅርብ የተመለከተ ሰው ከአድናቆቱ ጋር ኀዘን ሳይሰማው አይቀርም። እንዲህ ያለ ታላቅ ስጦታ ከተቀበሉት መካከል የእርሱን ያህል ብዙ ሥራ ጀምሮ የተወ በቀላሉ አይገኝምና። ስለዚህ ታሪኩን ለውድ አንባብያን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሌዎናርዶ ኤፕሪል 15 ቀን 1452 በፍሎረንስ አቅራቢያ በምትገኘው በቪንቺ ተወለደ። አባቱ ሴር ፒየሮ የውል ጸሓፊ ነበረ፤ እናቱ ካተሪና ግን ከአባቱ ጋር በጋብቻ የተሳሰረች አልነበረችም። ከዚህም የተነሣ ልጁ የአባቱን ሙያ መውረስ አልተፈቀደለትም፤ መደበኛ የላቲን ትምህርትም ሳይማር ቀረ። ሆኖም የሥዕል ተሰጥኦው ገና በማለዳ ስለ ታየ፣ አባቱ በፍሎረንስ ወደሚኖረው ወደ ሠዓሊውና ቀራጺው አንድሬያ ዴል ቬሮክዮ የሥራ ቤት አስገባው። በ1472፣ በ20 ዓመት ዕድሜው፣ ስሙ በከተማዪቱ የሠዓልያን ማኅበር መዝገብ ተጻፈ።

መምህሩ የጌታን ጥምቀት ሲሥል ከሁለቱ መላእክት አንዱን ለደቀ መዝሙሩ ሰጠው። የሠዓልያንን ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫሳሪ እንደሚተርከው፣ ቬሮክዮ ይህን መልአክ ካየ በኋላ ልጁ እንደ በለጠው ተረድቶ ከዚያ ወዲህ ቀለም አልነካም። ነገሩ ተጋንኖ የተነገረ ቢሆን እንኳ፣ ሥዕሉን ዛሬም የሚያይ ሰው የትኛው መልአክ የደቀ መዝሙሩ እንደ ሆነ ለመለየት አይቸገርም።

ሌላው ጠባዩ የታየውም በዚያው ዘመን ነው። በ1481 በፍሎረንስ አጠገብ የነበረው የሳን ዶናቶ ገዳም የአውጉስጢኖስ ማኅበር መነኮሳት የሰብአ ሰገልን ስግደት እንዲሥልላቸው ተዋዋሉት። ቢበዛ በ30 ወራት ውስጥ ሊያስረክብ ቃል ገባ። ንድፉን በሚያስደንቅ ጥበብ ካዘጋጀ በኋላ ግን ትቶት ወደ ሚላኖ ሄደ። መነኮሳቱም በመጨረሻ በ1496 ፊሊፒኖ ሊፒ የተባለ ሌላ ሠዓሊ የሠራውን ሥዕል ተቀበሉ። የሌዎናርዶ ሥዕል በፍሎረንስ ቤተ መዘክር እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ተጀመረ ይታያል።

በሚላኖ መስፍን ቤት

በሚላኖ መስፍኑ ሉዶቪኮ ስፎርዛ ለአባቱ መታሰቢያ ታላቅ የነሐስ ፈረስ እንዲሠራ አዘዘው። ሌዎናርዶም የፈረስን አካል በመለካት፣ እንቅስቃሴውን በማጥናትና የነሐስ ማቅለጫ ዘዴ በመፈለግ ብዙ ዓመታት አሳለፈ። በ1493 ከፍታው 7 ሜትር ያህል የሆነ የሸክላ ምስል ቆሞ ታየ፤ ከተማውም ተደነቀ። ነገር ግን በ1494 ጦርነት ስለ ተነሣ መስፍኑ ለፈረሱ የተከማቸውን ነሐስ መድፍ እንዲሠራበት ለአማቱ ለፌራራው መስፍን ላከው። በ1499 የፈረንሳይ ሠራዊት ሚላኖን ሲይዝ፣ ቀስተኞቹ የሸክላውን ፈረስ የዒላማ መለማመጃ አደረጉት። ከብዙ ዓመታት ድካም ዛሬ የቀሩት በወረቀት ላይ ያሉ ንድፎች ብቻ ናቸው።

በዚያው ዘመን፣ ከ1495 እስከ 1498 ባለው ጊዜ፣ በሳንታ ማሪያ ዴለ ግራዚየ ገዳም የመጨረሻውን ራት ሣለ። በልጅነቱ ይህን ሥራ በዓይኑ ያየው ጸሓፊ ማቴዮ ባንዴሎ እንደ መሰከረው፣ ሌዎናርዶ አንዳንድ ቀን ፀሐይ ሲወጣ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ምግብና ውሃ ሳያስብ እስኪመሽ ይሥል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለቀናት ብሩሽ ሳያነሣ ሥዕሉን በመመልከት ብቻ ይቆም ነበር። በ1497 መስፍኑ ሥራው እንዲፋጠን ትእዛዝ እስከ መስጠት ደረሰ።

በግድግዳ ላይ የሚሥሉ ሰዎች ቀለሙን ልስኑ ሳይደርቅ ይቀቡታል፤ ያን ጊዜ ቀለሙና ልስኑ ተዋሕደው ለብዙ ዘመን ይጸናሉ። ነገር ግን ይህ ዘዴ ችኮላ ይጠይቃል፤ ማሰብና ማረም አይፈቅድም። ሌዎናርዶ ግን ቀስ ብሎ ለመሥራት ስለ ፈለገ ቅባትና እንቁላል የገባበትን ቀለም በደረቀ ልስን ላይ ቀባው። ስለዚህ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር ሳይዋሐድ ቀረ። ሠዓሊው ገና በሕይወት ሳለ፣ በ1517፣ ሥዕሉ መበላሸት መጀመሩን አንድ እንግዳ ጽፎአል። በኋላም ቫሳሪ ባየው ጊዜ የደበዘዘ እድፍ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም ነበር። በ1652 የምግብ አዳራሹን በር ለማስፋት ግድግዳው ሲቈረጥ የጌታ እግሮች ጠፉ። በ1943 በጦርነት ቦምብ ወድቆ አዳራሹ ሲፈርስ ግን በአሸዋ ከረጢት የተከለለው ግድግዳ ተረፈ። ከ20 ዓመት በላይ የወሰደው እድሳት በ1999 ሲፈጸም ከመጀመሪያው ቀለም የተገኘው ጥቂቱ ብቻ ነው።

በፍሎረንስና በሮማ

ሌዎናርዶ ወደ ፍሎረንስ ተመልሶ በ1503 በከተማዪቱ ምክር ቤት አዳራሽ የአንጊያሪን ጦርነት እንዲሥል ታዘዘ። በዚያው አዳራሽ ሌላ ሥዕል እንዲሠራ የታዘዘው ወጣቱ ሚኬላንጄሎ ነበረ። ሌዎናርዶ አሁንም አዲስ ዘዴ ሞከረ፤ ቀለሙ ግን አልደርቅ ብሎ ፈሰሰ። በ1506 ሥራውን ትቶ ሄደ። በ1560ዎቹ ዓመታት አዳራሹ ሲታደስ ራሱ ቫሳሪ በግድግዳዎቹ ላይ ሌላ ሥዕል ሣለባቸው።

ይህ ሁሉ ከስንፍና የመጣ ነው ብለን ልንፈርድ አንችልም። ሌዎናርዶ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበት ዘመን የለም። ፈረስ ለመሥራት ፈረስን ማጥናት ጀመረ፤ ጥናቱ ግን ከፈረሱ ይልቅ ውድ ሆነበት። የሰውን ፊት ለመሣል የሰውን አካል መረመረ፤ ምርመራው ግን ራሱን የቻለ ባሕር ሆነ። 30 ያህል አስከሬኖችን ከፍቶ አጥንትን፣ ጅማትንና በማኅፀን ያለውን ፅንስ ከእርሱ በፊት ማንም ባልሣለው ጥራት ሣለ። ደም ከልብ ሲወጣ እየተሽከረከረ የልብን ክዳን ለመዝጋት እንደሚረዳ ተረዳ፤ ይህንንም ሐኪሞች በመሣሪያ ያረጋገጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1510 አካባቢ ከወጣቱ የሕክምና መምህር ከማርካንቶኒዮ ዴላ ቶሬ ጋር ይሠራ ነበር፤ መምህሩ ግን በ1511 ሞተ። መጽሐፉም ሳይታተም ቀረ። በ1543 የሰውን አካል መጽሐፍ አሳትሞ የዘመናዊው የሰው አካል ጥናት አባት የተባለው ሌላ ሰው፣ ቬሳሊዮስ ነው።

ከ1513 ጀምሮ ሌዎናርዶ በሮማ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን ዐሥረኛ ወንድም እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ። ቫሳሪ እንደሚለው፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሥዕል ባዘዙት ጊዜ ሌዎናርዶ ከሁሉ አስቀድሞ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚቀባውን ቅባት ማንጠር ጀመረ። እርሳቸውም ይህ ሰው ሳይጀምር ፍጻሜውን ስለሚያስብ ምንም አይሠራም ብለው ተስፋ ቈረጡ። በዚያው ዓመታት ሚኬላንጄሎ የሲስቲናን ጸሎት ቤት ጣራ ፈጽሞ ነበር፤ ራፋኤልም የቫቲካንን ክፍሎች ይሥል ነበር።

የመጨረሻ ዓመታቱ

በ1516 የፈረንሳይ ንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊ ጠርቶ በአምብዋዝ ከተማ ቤትና ቀለብ ሰጠው። በ1517 ካርዲናል ሉዊጂ ዳራጎና ሊጐበኙት መጡ። የካርዲናሉ ጸሓፊ እንደ መዘገበው፣ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ሽባ ሆኖ ነበር፤ ስለዚህም እንደ ቀድሞው በቀለም ሊሥል አይችልም፤ ነገር ግን መንደፍና ሌላውን ማስተማር አልተወም። የሚጽፈውም በግራ እጁ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነበረ። በአጠገቡ የነበሩት ሥዕሎች ጥቂት ነበሩ፤ የወረቀቱ ክምር ግን ብዙ ነበረ።

ሌዎናርዶ በሜይ 2 ቀን 1519 በ67 ዓመቱ ዐረፈ። በእርግጥ የእርሱ ናቸው ተብለው የሚታወቁት ሥዕሎች ሃያ አይሞሉም። ቫሳሪ እንደሚተርከው፣ በሞቱ አልጋ ላይ በጥበቡ የሚገባውን ያህል ባለመሥራቱ እግዚአብሔርንና ሰውን እንዳሳዘነ ተናግሮ ተጸጸተ።

ወረቀቶቹን ለታማኝ ደቀ መዝሙሩ ለፍራንቼስኮ ሜልዚ አወረሰ። ሜልዚ እስኪሞት ድረስ በጥንቃቄ ጠበቃቸው፤ ወራሾቹ ግን ዋጋቸውን ስላላወቁ በጣራ ሥር ጣሉአቸው፤ የፈለገ ሁሉ ወሰዳቸው። አንዳንዶቹ ተቈራርጠው እንደ ገና ተለጠፉ፤ ብዙዎቹም ጠፉ። ዛሬ 7,000 ያህል ገጾች በልዩ ልዩ ሀገሮች ይገኛሉ። ስለ ሥዕል የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1651፣ ከሞተ ከ132 ዓመት በኋላ ነው። ስለ ሰው አካል ያወቀው ሁሉ ለዓለም የተገለጠው ሌሎች በራሳቸው ድካም ካገኙት ወዲያ ነበረ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው

መክሊቱን በመሬት ውስጥ የቀበረውን አገልጋይ ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። ሌዎናርዶ ግን መክሊቱን የቀበረው ፈርቶ ወይም ሰንፎ አይደለም፤ ይልቁንም ከሠራው የተሻለ ነገር ሁልጊዜ ይታየው ስለ ነበረ የሠራውን ከእጁ ማውጣት አልቻለም። ፍጹም የሆነውን በመፈለግ መልካሙን አላስረከበም። ይህም ብክነት ነው፤ በተለይም በብዙ ሥራ ተጠምዶ ለሚታይ ሰው ለማወቅ የሚያስቸግር ብክነት ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ብንጭን በደል ይሆናል። ነሐሱን ለመድፍ የሰጠ መስፍን፣ ፈረሱን በቀስት የነደፉ ወታደሮች፣ ግድግዳውን የቈረጡ የቤቱ ሰዎች፣ ወረቀቱን በጣራ ሥር የጣሉ ወራሾች ሁሉ የድርሻቸውን አጥፍተዋል። ታላቅ ስጦታ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይጠበቅም፤ ባለቤቱ ሊፈጽመው፣ ጎረቤቱም ሊጠብቀው ያስፈልጋል። ልጅ የጀመረውን እንዲፈጽም በትዕግሥት የሚያግዝ ወላጅ፣ የደቀ መዝሙሩን ደብተር የማይጥል መምህር፣ የሟች አባቱን ጽሑፍ ከመበተን የሚያድን ልጅ፣ እያንዳንዱ የዚህ አደራ ተካፋይ ነው።

እኛም በእጃችን ያለው ሥራ ምንም ትንሽ ቢሆን ፈጽመን ለሚፈልገው ወንድማችን እናስረክብ። ያልተሰጠ ስጦታ፣ ምንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ የተራበውን አያጠግብምና።