አማርኛን በዓረብኛ ፊደል፦ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር

ቴሌግራም ላይ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ ትልልቆቹ ይቆጡናል አይደል? ወሎ ውስጥ ግን ከመቶ ዓመት በፊት አማርኛን በዓረብኛ ፊደል የሚጽፉ ትልቅ ዓሊም ነበሩ። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ይባላሉ። ባቲና ከሚሴ አካባቢ ያደጋችሁ፣ መንዙማ ሲነሳ ስማቸውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

የተወለዱት በ1853 ገደማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆቹ ነው)። ትውልዳቸው ከአርጎባ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በ1878፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ ክርስትና እንዲነሱ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው፣ የልጅ ኢያሱ አባት። ነገሩ ሹማምንቱ ላይ አልቆመም፣ ባላገሩም ላይ ወረደ። ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱ ሸፈተ።

ሸህ ጦልሃ እምቢ ካሉት ናቸው። ኪታብ ይዞ መቀመጥ የለመዱ ሰው፣ ተከታዮቻቸውን አሰልፈው ከተቃውሞው መሪዎች አንዱ ሆኑ። ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ወድቀው ምኒልክ ሲነግሡ ግፊቱ ረገበ።

በኛ እይታ ግን ስማቸውን እስከዛሬ ያቆየው ከጦሩ ይልቅ ብዕሩ ነው። የሀገሬው ሰው ቁርአን ቤት ገብቶ የዓረብኛ ፊደል ይቆጥራል እንጂ ዓረብኛ ሁሉም አይሰማም። ሸሁ ታዲያ የነቢዩን ውዳሴና ልመናቸውን ሰው በሚሰማው አማርኛ ገጥመው፣ ሰው በሚያውቀው ፊደል ጻፉት። ይሄ አጻጻፍ ዓጀሚ ይባላል።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀ እና ጠ ዓረብኛው ውስጥ አቻ አላቸው፤ ቸ፣ ጨ እና ኘ ግን የሉም። አማርኛው ሰባት አናባቢ አለው፣ ዓረብኛው የሚያሳየው ሦስት ነው፤ እነሱኑ አጭርና ረጅም እያደረገ። ስለዚህ አንባቢው ግማሹን በዓይኑ፣ ግማሹን በጆሮው ነው የሚያነበው። ዜማውን ያልሰማ ሰው ገጹ ላይ ይደናበራል።

እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ ብቻ አልሆነም። ጃፓኖች ፊደል የወሰዱት ከቻይና ነው። ፉጂዋራ ኖ ዩኪናሪ የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው በ1018 የቻይናዊውን ባይ ጁዪን ግጥሞች ባለቀለም ወረቀት ላይ በብሩሽ ገልብጦ ነበር፤ ጥቅልሉ ዛሬ ቶኪዮ ሙዚየም ውስጥ የሀገር ቅርስ ነው።

የኛዎቹ ብዙዎቹ ያሉት ሳጥን ውስጥ ነው። ሸህ ጦልሃ ያረፉት በ1936፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የወሎ እስልምናን ያጠኑት የታሪክ ምሁር ሁሴን አህመድ በ1989 ጽፈው አሳትመዋል። መንዙማቸው ግን በእጅ ሲገለበጥ፣ በቃል ሲወርድ ነው የቆየው። አያቶቻችሁ ቤት አሮጌ ኪታብ ካለ አስፈቅዳችሁ ገለጥ አድርጉት። ፊደሉ ዓረብኛ ሆኖ ድምፁ አማርኛ ከሆነ፣ ማንበብ የሚችል ሸህ በሕይወት እያለ አስነብቡትና በስልካችሁ ቅዱት።